ከአልጋዋ የማያልፍ ድምፅ

ይታይሽ የጠየቀችው ነገር ትንሽ ነበር። ጊታሩን መስማት ፈለገች፤ ግን በልኩ። «ድምፁ ከአልጋዬ ድረስ ይምጣ፣ ከአልጋዬ አይለፍ» ነበር ያለችው፤ ያውም በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ፣ ቃል በቃል እየለቀመች።

መስከረም አጋማሽ ላይ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ግራ ጎኗ ከዳት። ደሴ ወስደዋት ሦስት ሳምንት ተኝታ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰች። እጇም እግሯም ቀስ በቀስ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ዋናው መድኃኒት ጸጥታ ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነው የላካቸው። ባያስጠነቅቃቸውም ያውቁት ነበር። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ድምፅ የሚባል ነገር ሁሉ እንደ ወስፌ ይወጋታል። የድስት ክዳን ሲወድቅ ታነባለች። መንገድ ላይ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ ትራሱን በደኅናው እጇ ጎትታ ፊቷ ላይ ትደፋዋለች። ባሏ ፈንታው የቆርቆሮውን በር ጠርዝ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለው። ሊጠይቋት የሚመጡ ጎረቤቶች ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በካልሲ ይገቡ ነበር፤ ሳል የያዘው ሰው ከበር ይመለሳል።

ፈንታው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ጢሙን ሳይላጭ፣ በአውራጃው ኪነት ቡድን ጊታር ይመታ ነበር። ይታይሽም ያየችው እዚያ ነው፤ እሱ መድረክ ላይ፣ እሷ ከሕዝቡ መሐል። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፤ ጊታሩ እሱ ዘንድ ቀረ፤ መልስ ያለውም የለም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሁድ ከሰዓት በኋላ እሷ ሙዳይዋን አቅርባ ጥጥ ስትፈትል፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይጫወትላታል። ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። እሷ አንዳንዴ እንዝርቷን አቁማ «ያችን ድገማት» ትለዋለች። ያ ነበር ትዳራቸው።

አሁን የጎደለው ያ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ስለሆነ ካልሰኩት ሽቦ ሲፋቅ እንጂ ዜማ አይሰማም። የነበረችው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከገበያ የተገኘች ርካሽ ነገር ናት፤ ከፍ ሲያደርጓት ትጮኻለች፣ ዝቅ ሲያደርጓት እንደ ተርብ ጥዝ ትላለች። አንድ ጊዜ ሞከረላት። ይታይሽ ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነከሰች። ያን ዕለት ነው ያችን ስለ አልጋዋ ያለችውን ቃል የተናገረችው።

ፈንታው በማግስቱ ጀብሪል ዘንድ ሄደ። ጀብሪል ከመስጊዱ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ የፈንታው የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ ሰላም አይባባሉም። ፈንታው ግን ያን ዕለት ለስድቡ መልስ ሳይሰጥ ጉዳዩን ነገረው። ጀብሪልም ቀልዱን ትቶ አዳመጠ።

ዛሬ የሚሸጠው ማጉያ ሁሉ ለዚህ ነገር አይሆንም አለው። የሚሆነው ባለ አምፖሉ ነው፤ የድሮ ሬዲዮኖች ከኋላቸው ሲከፈቱ ውስጣቸው ቀላ ብሎ የሚግመው፣ እስኪሞቅ ትንሽ የሚያስጠብቀው፣ ዓይነቱ። የዚያ ድምፅ አይዋጋም፤ ጠርዝ የለውም። ግን እሱም ሁለት ዓይነት ነው አለ ጀብሪል። ትልቁ ለአዳራሽ የተሠራ ነው፤ አምፖሎቹ የሚነቁት ሲጮኽ ነው፤ ዝቅ ሲያደርጉት ይሞታል። ትንሹ ግን ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ በሹክሹክታም ሙሉ ነው። «ለሰፈር ከሆነ ትልቁን፣ ለአልጋ ከሆነ ትንሹን» አለው።

ይህን ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የእንጨት ሣጥን አወጣ። የአባቱ ሬዲዮ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ጨርቅ በጭስ ቡናማ ሆኗል፤ አንዱ ማዞሪያ ወድቆ በጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። ሬዲዮኑ ከሞተ ቆይቷል፤ አምፖሎቹና ድምፅ ማውጫው ግን ደኅና ናቸው። የጊታር ገመድ መቀበያ አበጅቼ በሁለት ሳምንት አደርስልሃለሁ አለ ጀብሪል።

ፈንታው ሣጥኑን አየው። ልቡ አልወደደውም። ጊታሩን ከዚህ ጋር አያይዞ ሰው ቢያየው ምን እንደሚል አሰበ። ለጀብሪል ግን እስቲ ልይ ብሎ ወጣ።

ከደሴ የሰማው ወሬ ነበር። አንድ ሆቴል የሙዚቃ ቡድኑን በትኖ ዕቃውን እየሸጠ ነው፤ ከዕቃው መካከል ባለ አምፖል ማጉያ አለ ተብሏል። ፈንታው ይታይሽን ለጎረቤቷ ለፈርሂያ አደራ ብሎ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሊሳፈር ሲል ጀብሪል መናኸሪያው ድረስ መጥቶ አንድ ነገር ብቻ ነገረው። ስትሞክረው ዝቅ አድርገህ ሞክረው፤ ከፍ ብሎ የማያምር ማጉያ የለም አለው።

አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፈንታው ጋቢውን ተከናንቦ መንገዱን ሁሉ ይህን ቃል ሲደግመው ነበር፤ ዝቅ አድርገህ፣ ዝቅ አድርገህ። ደሴ ደርሶ የሆቴሉ ምድር ቤት ሲገባ ግን ማጉያው እዚያ ቆሞ ነበር። የደረቱን ያህል ቁመት አለው። ጥቁር ቆዳ ለብሷል፤ ማዕዘኖቹ በብረት ተለብጠው ያበራሉ። ሻጩ ሰካው፤ አምፖሎቹ ከኋላ ቀሉ። ጊታር አቀበለውና ሳይጠይቀው ማዞሪያውን እስከ ሰባት ወሰደው።

ፈንታው አንድ ጊዜ መታ። የምድር ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ከሆዱ ገብቶ በጀርባው የወጣ መሰለው። የተረሳ ሁሉ ተመለሰ፤ መድረኩ፣ መብራቱ፣ ከታች የቆመው ሕዝብ። ደጅ የሚያልፉ ወጣቶች ቆመው በመስኮት አጎንብሰው አዩት፤ አንዱ አጨበጨበለት። ሻጩ፣ አባት እርስዎ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው የት ጠፍተው ነው አለው። ፈንታው ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ማዞሪያውን ዝቅ ለማድረግ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ግን ወጣቶቹ ገና አልሄዱም።

በመልሱ መንገድ ለራሱ ምክንያት አዘጋጀ። ትልቁም እኮ ዝቅ ይላል፤ ማዞሪያ አለው። ይታይሽ ስትድን ደግሞ ለሥራ ይሆናል፤ የከላላ ሰዎች ለጥር ሠርግ ጊታር የሚመታላቸው ሰው ሲፈልጉ ስሙን አንስተው ነበር። ለእሷም ይሆናል፣ ለእሱም ይሆናል። እንዲህ ሲያስበው እውነት መሰለው።

ማጉያውን ከመናኸሪያ ሁለት ተሸካሚዎች ተሸክመው በጀብሪል ሱቅ በኩል አለፉ። ጀብሪል ከወንበሩ ተነስቶ አየ። ፈንታው፣ እንደ ወትሮው ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ። ጀብሪል አልሰደበውም። «ዝቅ አድርገህ ሞከርኸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ፈንታው አዎን አለ።

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ ማጉያውን ከአልጋዋ ግርጌ አቆመው። ከግድግዳው ግማሽ ያህሉን ያዘ። ይታይሽ አየችውና በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለች፤ ደሴ ድረስ ለእሷ ሲል ሄዶ መምጣቱ ነው ፈገግ ያሰኛት። እሱም ማዞሪያውን ከአንድ በታች አድርጎ ያችን የምትወዳትን ዜማ ጀመረ።

ድምፁ ሞቶ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያቃስት ሰው ይመስላል። ከዜማው ይልቅ የማጉያው እምምታ ይሰማል። ፈንታው ግንባሩን ቋጠረ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ይታይሽ ጊታሩን አላየችም። ያየችው ፊቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ያነበበችው ፊት ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ተቆጥቶ ሲመጣ ገና ከአጥሩ በር የምታውቀው።

«ጥሩ ነው፣ ፈንታዬ» አለችው። «ከፍ አድርገው።»

እሱም ከፍ አደረገው። ድምፁ ትንሽ ነቃ። ፊቱ ተፈታ። እሷም ያን አየች።

በዚህ አገር እንግዳ «በቃኝ» ቢል ማንም አምኖ ሳህኑን አያነሳም፤ አጉርሶ፣ ለምኖ፣ በአባቱ ስም አስምሎ ነው የሚተወው። እንግዳው «አልበረደኝም» ካለ ጋቢ ይደረብለታል። ሰው አፉ ሌላ ሆዱ ሌላ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ፈንታውም በዚህ ያደገ ሰው ነው። ለእንግዳ ቢሆን ሦስት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ሚስቱን አንድ ጊዜ እንኳ እውነትሽን ነው ወይ አላላትም። ደስ የሚል ነገር ስለነገረችው አመናት።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ ይጫወታል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ጎረቤት ምን ይላል ማለት ነበረበት፤ ግን ለበሽተኛ ነው ሲባል ማንም ክፉ አልተናገረም። በመጀመሪያው ሳምንት ማዞሪያው ሁለት ላይ ነበር። ከላላዎች ደውለው የሠርጉን ቀን ከቆረጡ በኋላ ሦስት ላይ ሆነ፤ ልምምድ ያስፈልጋልና። ኋላ አራት። በየጊዜው ከፍ ከማድረጉ በፊት ወደ አልጋው ዞር ይላል፤ ይታይሽም በደኅናው እጇ ወደ ላይ ምልክት ታሳየዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ጀምራ ነበር። ደክሟት ነው ብሎ አሰበ። ዜማው እንቅልፍ አመጣላት ብሎም አሰበ። ይህን ለጀብሪል ሲነግረው ጀብሪል ብየዳውን ሳያቋርጥ፣ በአራት ላይ የሚተኛ በሽተኛ ካለ ጤነኛው ማነው አለው። ፈንታው እንደ ወትሮው ስድብ ቆጥሮት ስቆ ሄደ።

የገና ዋዜማ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ይታይሽ አልነቃችም።

ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳኑን ተከለ። የመካነ ሰላም ቅሬ ክርስቲያን እስላም አይልም፤ መቃብሩን የቆፈሩት የሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ውኃውን የቀዱት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት የሁለቱም ሴቶች ናቸው። ማጉያውን ከአልጋው ግርጌ አንስተው ጓዳ ከተው በአንሶላ ሸፈኑት።

በሰልስቱ አልቃሿ መጡ። እትዬ ወለተ ማርያም ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ከዚህ እስከ ከላላ በር ድረስ እሳቸው ያልገጠሙለት ሟች እንደ ውሻ ተቀበረ ይባላል። እሳቸው ዝም ብለው ከልባቸው አይገጥሙም። አስቀድመው ከሟች አልጋ አጠገብ የነበሩትን እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ምን አለች፣ ምን አማራት፣ ማን አጎረሳት፣ ምን ቻለች። የሰሙትን በሰልስቱ በግጥም ያወጡታል። ለተገጠመው ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ ልማዱ ነው። የተነካም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል እንጂ እንዲህ አልነበረም አይልም።

ፈንታው ከወንዶቹ ጋር በድንኳኑ በዚህ ወገን ተቀምጦ ነበር። ሴቶቹ ከሸራው ወዲያ ናቸው። ወለተ ማርያም ስለ እጇ ሙያ ገጠሙ፣ ስለ ፈትሏ ገጠሙ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ከፍ አርገው አለችው ፊቱ እንዳይከፋ፣
ታነባ ነበረ ጥጥ ጆሮዋ ወትፋ።»

ፈንታው መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው መሰለው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲቀበሉ እንደገና ሰማው። ከዚያ ሁለተኛውን አስከተሉ፦

«ካልጋዬ አይለፍ ብላ ለምናው ነበረ፣
ጥጡ ከጆሮዋ ጋር አብሮ ተቀበረ።»

ከወዲያ ዋይታው ቀለጠ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጋቢውን አስተካከለ። ፈንታው አንገቱን ደፋ። አፉ ውስጥ የነበረውን ቃል፣ ራሷ ከፍ አድርገው ብላኝ ነው የሚለውን፣ እዚያው ውጦ ቀረ። ቢፈቀድለትም ግጥሙ ያለው እሱኑ ነው።

በሰባተኛው ቀን ፈርሂያን አገኛት። ወንበር ልትመልስ መጥታ ነበር። ማን ነገራቸው አላላትም፤ መቼ ጀመረች ብቻ አላት።

ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ ነው አለችው። እሱ ከሥራ ሊመለስ ሲል ይታይሽ ወደ ሙዳይዋ ትጠቁማለች። ፈርሂያ ከባዘቶው ቆንጥራ፣ በምራቋ አርሳ ጠቅልላ፣ ትወትፍላታለች። አንድ እጅ ብቻ ስላላት ግራ ጆሮዋን ራሷ አትደርስበትም ነበር። ለጋሼ ልንገራቸው ብላት በአላህ አስማለችኝ አለች። ሲጨርስ ፈርሂያ ተመልሳ ጥጡን ታወጣላታለች። የመጨረሻው ቀን ግን ልጇን አሟት አልተመለሰችም። ሬሳውን ያጠቡት ሴቶች ናቸው ያገኙት፤ ጠልቆ ስለነበረ ተውት።

ፈንታው ወንበሩን ተቀብሏት ፊቱን አዞረ። እሷ የተቆጣት መስሏት ዓይኗ ሞላ።

«እርስዎን ለማማት መሰለዎት እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው። «ወላሂ፣ እኔ ሰብሯን፣ መቻሏን፣ ነው የነገርኋቸው። እንዲህ ችላ ሞተች ብዬ፣ ላስመሰግናት ብዬ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሰማው። ሴቶች ገበያ ላይ ግጥሙን እየደጋገሙ ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው ይሉ ነበር። ፈንታውን ሲያዩም አልከፉበትም፤ እንዲህ ያለች ሚስት ያጣ ሰው ብለው ያዝኑለት ነበር። እሱን የገደለው ይሄው ነው። አንድ ሰው እንኳ ቢቆጣው መልስ ያገኝ ነበር።

ጥር ሲገባ የከላላ ሰው መጣ። እግዚአብሔር ያጥናህ አለ፣ ተቀመጠ፣ ስለ መንገዱ አወራ። ሊነሳ ሲል፣ አንተስ ዘንድሮ ለቅሶ ላይ ነህ፣ ጊታር መምታትም አይሆንልህ፤ ማጉያውን ብቻ ለሠርጉ ብታውሰን አለው። ፈንታው ጓዳ ገብቶ አንሶላውን ገፈፈና ውሰዱት አለ። ወሰዱት። በኋላ ከሠርጉ የተመለሱ ሰዎች ስለ ድምፁ አውርተው አልጠገቡም። ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር አሉ። ፈንታው መልሱልኝ ብሎ አልደወለላቸውም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ጀብሪል በብብቱ የእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። ሰላምታውም ያለ ስድብ ነበር። ሣጥኗን በኅዳር ጨርሷት ነበር፤ ፈንታው ትልቁን ይዞ ሲያልፍ ሊጠራው አስቦ፣ ዕቃውን ገዝቶ ደስ ብሎታል ብሎ ተወው። እስካሁን ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አሁን ባየኋት ቁጥር ይታይሽ ትታወሰኛለች፣ አንተው ዘንድ ትሁን አለው።

ፈንታው ሣጥኗን አልተቀበለውም። ጀብሪል ራሱ ገብቶ ከባዶው አልጋ ግርጌ አስቀመጣት፤ ትልቁ የቆመበት ቦታ ላይ አንድ አራተኛውን እንኳ አልሞላችም። ሰካትና እስክትሞቅ ጠበቀ። ከቡናማው ጨርቅ በስተኋላ ቀይ ብርሃን ታየ። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ፈንታው ዓመቱ ሳይወጣ አይነካውም። ጀብሪል አወረደው፤ መጫወት አያውቅም፤ እንደ ክራር ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው።

ፈንታው ደጅ፣ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አልሰማም። የጀብሪል ጣት ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፅ የለም። ተበላሽታለች ብሎ ደስ አለው፤ እንዲያ ደስ ስላለውም አፈረ። ደፉን ተሻገረ። ከወለሉ መሐል ሲደርስ የሆነ ነገር ያለ መሰለው። ወደ አልጋው ሄደ፤ ጉልበቱ የአልጋውን ብረት ሲነካ ሰማው። ሙሉ ድምፅ ነበር። ጠርዝ የለውም፣ ጥዝ አይልም፣ አያቃስትም። አንዱ ክር ሳይከስም ሌላው ይቀበለዋል። ከፈትሏ ቀና ብላ ያችን ድገማት ስትለው የነበረው ድምፅ ነው፤ አልጋው ድረስ መጥቶ፣ አልጋው ላይ የሚቀር።

ጀብሪል ክሮቹን ጨርሶ እንደገና ከላይኛው ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ እንዴት ነው አለው።

ፈንታው የአልጋውን ብረት ይዟል። ይህ ድምፅ አሁን እንዲቆም ነው የፈለገው፤ ካልቆመ ደግሞ እንዲበላሽ፣ እንዲጮኽ፣ ጀብሪልም ተሳስቶ እንዲገኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ከፍ አድርገው።»

ጀብሪል በጠርሙስ ክዳን የተሠራውን ማዞሪያ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞረው። ድምፁ ጥቂት ቀረብ አለ እንጂ አልጨመረም።

«ከዚህ በላይ እንዳትሄድ አድርጌ ነው የሠራኋት» አለ። «ለእሷ ነው ብለኸኝ አልነበር?»